ከልብስ መቀቀያ ድስት እስከ ካርልስበርግ፤ ብርድን ያገባው ጠማቂ

መተማ ዮሐንስን በመጋቢትና በሚያዝያ የሚያውቃት ሰው ስለ ሙቀት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሙቀት መለኪያው ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ከጋላባት በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ጆንያ የሚጭኑ ጎረምሶች ሥራቸውን ጎህ ሳይቀድ ጀምረው ረፋዱ ላይ ጥላ ፍለጋ ይበተናሉ። ማታ ማታ ታዲያ በየመጠጥ ቤቱ በረንዳ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደርና ከደጋ ተጭኖ የመጣው ቢራ ከማቀዝቀዣ እየወጣ ይቀርባል። ጠርሙሱ ላብ በላብ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያየ ሰው ቅዝቃዜውን ለምቾት ተብሎ የተጨመረ ነገር አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን ከዚያ ያለፈ ነው። ይህ ዓይነቱ ቢራ ሲጠጣ ብቻ ሳይሆን ሲወለድም ብርድ ይፈልጋል። ስሙ ላገር ይባላል። እኛ በአማርኛ ላገር ስንል ከምንለው ጋር አይገናኝም፤ በጀርመንኛ ማከማቻ ወይም መጋዘን ማለት ነው። በቀዝቃዛ ጓዳ ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ የሚበስል መጠጥ ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው።

ዛሬ ብርድ የሚሠራው በማሽን ነው። ጎንደር ያለው የዳሽን ፋብሪካም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው የአዲስ አበባው ጊዮርጊስ ብርዱን የሚያገኙት ከማሽን እንጂ ከሰማይ አይደለም። ማሽኑ ባልነበረበት ዘመን ግን ብርድን ከክረምት ተበድሮ በቤቱ ውስጥ ላገር ለመጥመቅ የተነሣ ሰው ነበር። ጥንስሱን የጣለው በእናቱ የልብስ መቀቀያ ድስት ነው። ያ ድስት ኋላ በዓለም ከታወቁት የቢራ ፋብሪካዎች አንዱን ወለደ። ሰውዬው ያኮብ ክርስቲያን ያኮብሰን ይባላል፤ ዴንማርካዊ ነው። እኔን ስለ እሱ እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን የፋብሪካው ትልቅነት አይደለም። ይህ ሰው ሕይወቱን ሙሉ የደከመለትን ምስጢር ለተፎካካሪዎቹ በነጻ አደለ፤ ለአንድ ልጁ ግን እጁ አልፈታ አለው። ሁለቱን ነገር በአንድ ሰው ውስጥ ማስታረቅ ይከብዳል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ሰውዬው ከመሄዳችን በፊት ስለ እርሾ ጥቂት እንበል፤ እሱ ካልገባን የቀረው ታሪክ አይገባንም። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ጋኑን በወይራ ያጥናሉ፣ ጌሾና ብቅሉን በውኃ ይጠነስሳሉ፣ ቀጥሎ እንኩሮው ይገባና ድፍድፉ ይከደናል። እርሾ ገዝቶ የሚጨምር የለም። እርሾው ከጋኑ፣ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከአየሩ ራሱ ይመጣል። ይህ የጠላ እርሾ ሙቀት ይወዳል። በቆላው፣ በመተማና በቋራ፣ ጠላው ከማሽላ ሲጠመቅ ፈጥኖ ይደርሳል። ችግሩ፣ ፈጥኖም ይኮመጥጣል። ነገ ይጠጣል ተብሎ የተቀመጠ ጠላ በማግሥቱ ሰው ፊት የማይቀርብበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የቆላ ጠላ ጠማቂ ከሙቀቱ ጋር ሩጫ ላይ ናት ማለት ይቻላል።

የላገር እርሾ ጠባይ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚሠራው ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። ሲሠራም ቀስ ብሎ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ከላይ ከመንሳፈፍ ይልቅ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ ቢራው ወደ ዜሮ ዲግሪ በተጠጋ ብርድ ውስጥ ለሳምንታት፣ በድሮው አሠራር ደግሞ ለወራት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ይጠራል፣ ጣዕሙ ይለዝባል፣ ቶሎ የመኮምጠጥ አደጋውም ይቀንሳል። ይሄ እርሾ 34 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መራባቱን ያቆማል። የመተማ የቀትር አየር በሚያዝያ ከዚህ በላይ ነው። እንግዲህ በኛ ቀዬ ያለ ማሽን ላገር መጥመቅ ማለት ዓሣን በአሸዋ ላይ እንደማርባት ነው። በክልላችን ለዚህ ሥራ የሚሆን የተፈጥሮ ብርድ ቢፈለግ ወደ ዳባትና ደባርቅ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ግድም መውጣት ያስፈልጋል፤ ያውም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ውርጭ በሚወርድበት ሰዓት።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ልጥቀስ። የፈረንጆቹን ዊንተር ክረምት እያልን እንተረጉማለን፤ የኛ ክረምት ግን ዝናብ ነው። በመተማ ክረምት ማለት ጭቃ፣ ወባና የተቆረጠ መንገድ ማለት ነው። በዴንማርክ ክረምት ማለት ሐይቁ ደንድኖ ሰው የሚሄድበት፣ ምድር ቤቱ ሳይነካ ማቀዝቀዣ የሚሆንበት ወቅት ነው። በዚህ ጽሑፍ ክረምት ስል ያንን ነው።

ያኮብሰን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1811 ኮፐንሃገን ውስጥ ተወለደ። አባቱ ክሪስተን ያኮብሰን ከጁትላንድ ገጠር ወደ ዋና ከተማዋ መጥቶ በቢራ ጠመቃ ሥራ የገባና ኋላም በ1826 የራሱን ጠመቃ ቤት የገዛ ሰው ነበር። ብዙ ትምህርት አልነበረውም፤ ግን ልቡ ክፍት ነበር። በዚያ ዘመን የዴንማርክ ጠማቂዎች የብቅሉን ጭማቂ ሙቀት የሚለኩት ልክ እንደኛ አገር በእጅ ነበር፤ እጁን ነከር አድርጎ በቃ ወይም አልበቃም ማለት ነው። ክሪስተን ግን በአገሩ ጠማቂዎች መካከል የሙቀት መለኪያ ለመጠቀም ከደፈሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።  ያቺ ትንሽ የመስታወት ዘንግ ለልጁ የተወረሰች ትልቅ ርስት ናት ብል አላጋነንኩም። ልጁ ያደገው መጠጥ በዕድል ሳይሆን በቁጥር ይሠራል በሚል ቤት ውስጥ ነው።

ያኮብሰን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተመረቀም። ይሁንና በኮፐንሃገን ለሕዝብ ክፍት የነበሩትን የሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድን ትምህርቶች ይከታተል ነበር። ኦርስቴድ በ1820 የኤሌክትሪክ ጅረት የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ ያሳየው ሳይንቲስት ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መጽሐፍ ስሙን ሳናይ ያለፍን ያለን አይመስለኝም። ወጣቱ ጠማቂ ከእሱ የወሰደው ኤሌክትሪኩን ሳይሆን፣ ሙያ ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ሊመረመር ይችላል የሚለውን እምነት ነው። አባቱ በ1835 ሲሞት ጠመቃ ቤቱን ተረከበ። በ1839 ላውራ ሆልስት የምትባል ሴት አገባ፤ በ1842 ካርል ተወለደ።

ታዲያ በዚያን ጊዜ የኮፐንሃገን ቢራ ምን ይመስል ነበር? ከላይ በሚንሳፈፍ እርሾ የሚጠመቅ፣ ቶሎ የሚደርስ፣ ቶሎ የሚኮመጥጥ፣ ከዛሬው ጠመቃ የነገው የማይመሳሰል መጠጥ ነበር። ጠላችንን የሚያውቅ ሰው ሁኔታውን ለመገመት አይቸገርም። በደቡብ ጀርመን በባቫሪያ ግን ጠማቂዎች ለዘመናት በክረምት ብቻ እየጠመቁ፣ በተራራ ዋሻና በጥልቅ ጓዳ እያከማቹ ሌላ ዓይነት ቢራ ይሠሩ ነበር። ጥርት ያለ፣ ለስላሳና ቆይታን የሚችል ነበር። ያኮብሰን ያንን ቢራ በአገሩ መሥራት እችላለሁ ብሎ ተነሣ።

ሙከራውን የጀመረው በእናቱ ቤት፣ ልብስ በሚቀቀልበት ትልቅ የመዳብ ድስት ነው። የነገሩን ቅርጽ ልብ በሉት። አንድ ትልቅ ሰው፣ ያውም ጠመቃ ቤት ያለው፣ የቤት ዕቃ ተውሶ ብቅል ያፈላል። ለዚህ ሥራ ቤቱ የሚመች ነገር ነበረው፤ የዴንማርክ ክረምት ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ በዜሮ ዲግሪ ዙሪያ ስለሚያንዣብብ ምድር ቤቱ በራሱ ለላገር የሚበቃ ብርድ ይይዛል። ከድስቱ የወጣው ጭማቂ ይቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጣልበታል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ችግሩ ያለው እርሾው ላይ ነበር። ትክክለኛው በታች የሚዘቅጥ እርሾ ከሌለ ብርዱ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ የለመደው የላይኛው እርሾ በዚያ ብርድ ይተኛል እንጂ አይሠራም። ብርድ አለ፣ ድስት አለ፣ እርሾ የለም። እሱ ደግሞ የሚገኘው ሙኒክ ነው።

እናም በ1845 ወደ ሙኒክ ሄደ። እዚያ የሽፓተን ጠመቃ ቤት ባለቤት ጋብርኤል ሴድልማየር ተቀበለው። ስለ ሴድልማየር አንድ ነገር ካልተናገርኩ ቅር ይለኛል። ይህ ሰው ራሱ ከ12 ዓመት በፊት፣ በ1833፣ አንቶን ድሬሄር ከሚባል የኦስትሪያ ጓደኛው ጋር በእንግሊዝ ጠመቃ ቤቶች ሲዘዋወር፣ ውስጡ ክፍት በሆነ ከዘራ የባለቤቶቹን ቢራ በስውር እየቀዳ ለምርመራ ይወስድ ነበር። በግልጽ ቋንቋ ሰርቋል። ያኮብሰን ወደ እሱ ሲመጣ ግን የሚፈልገውን ነገር በገዛ እጁ ሰጠው። ሁለት ዕቃ ሙሉ እርሾ።

ከሙኒክ እስከ ኮፐንሃገን ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጉዞው መኪና ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ ነበር። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ከሞቀው ይነቃል፣ ከነቃ የሚበላው ይፈልጋል፣ የሚበላው ካጣ ይሞታል። ሠረገላው ውስጥ ደግሞ የሰው ትንፋሽ፣ ፀሐይና አቧራ አለ። ያኮብሰን ዕቃዎቹን በባርኔጣ ማስቀመጫ ሣጥኑ ውስጥ ከተታቸው። ሠረገላው ፈረስ ለመቀየር በቆመ ቁጥር እየወረደ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈስባቸው ነበር። ሌላው ተሳፋሪ ቡና ሲጠጣ፣ እግሩን ሲያፍታታ፣ እሱ ውኃ ፍለጋ ነው። ፋብሪካው ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ደጋግሞ ይተርከዋል፤ ለማስታወቂያ የሚመች ታሪክ መሆኑ አይካድም። እኔን ግን የሚገርመኝ የሥራው ተራነት ነው። ጀብድ የለበትም፤ ባልዲ፣ ውኃና አለመሰልቸት ነው። ከመተማ እስከ ገንዳ ውኃ ባለው መንገድ በቀትር ወተት ይዞ የተጓዘ ሰው ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል።

እርሾው በሕይወት ኮፐንሃገን ገባ። ያኮብሰን በእሱ የጠመቀውን ቢራ የት እንደሚያከማች ደግሞ ማሰብ ነበረበት፤ የክረምቱ ብርድ በራሱ ጊዜ ይሄዳልና። መልሱን ያገኘው በከተማዋ ምሽግ ሥር ነው። ጠላት ለመመከት የተሠራው የአፈር ግንብ ከሥሩ ጨለማና ቀዝቃዛ ጓዳዎች ነበሩት። ፈቃድ ተሰጠውና በርሜሎቹን እዚያ አስገባ። ለመድፍ የተቆፈረ ጉድጓድ ለቢራ ሆነ ማለት ነው። ቢራው ተወደደ፤ ከተማው ውስጥ ያለው ጠመቃ ቤት ጠበበ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ቫልቢ በሚባል ቦታ ኮረብታ ላይ መሬት ገዛ። ኮረብታ የመረጠው ለአየር ለውጥ አልነበረም። ኮረብታ ጥልቅ ጓዳ ለመቆፈር ይመቻል፤ አካባቢው ውኃ ነበረው፤ በዚያው በ1847 የተከፈተው ከኮፐንሃገን ወደ ሮስኪልደ የሚሄደው የባቡር መሥመርም በአጠገቡ ያልፋል። ኖቬምበር 10 ቀን 1847 የመጀመሪያው ጠመቃ ተጠመቀ። ፋብሪካውን በአምስት ዓመቱ ልጁ በካርል ስም ጠራው፤ በርግ ኮረብታ ነው። የካርል ኮረብታ፣ ካርልስበርግ። ይህን የስም ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ማሽን ባልነበረበት ዘመን አንድ የላገር ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ ብርድ የሚይዝበት ዘዴ ቀላልና አድካሚ ነበር። በክረምት ሐይቅ ሲደነድን በረዶው በመጋዝ እንደ ድንጋይ ይቆረጣል፣ በጋሪ ይጫናል፣ ጓዳው ውስጥ ይከመራል። ያ የበረዶ ክምር እየቀለጠ እስከሚቀጥለው ክረምት ቢራውን ያቀዘቅዛል። ክረምቱ ለዘብ ካለ በረዶ ይጠፋል፤ በረዶ ከጠፋ የዓመቱ ቢራ አደጋ ላይ ነው። የኛ ገበሬ ዝናብ እንደሚጠብቅ የሰሜን ጠማቂ ውርጭ ይጠብቃል። ይህ ጥገኝነት የተሰበረው ካርል ፎን ሊንደ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1870ዎቹ የማቀዝቀዣ ማሽን ከሠራ በኋላ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሞካሪዎች አንዱ ያው የሙኒኩ ሴድልማየር ነበር። ሙቅ አገር ላገር መጥመቅ የቻለው በዚህ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ባይኖር አዲስ አበባም ጎንደርም የቢራ ፋብሪካ ማቆም ዘበት በሆነ ነበር።

የመሃሉን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ፋብሪካው አደገ፤ በ1867 እሳት አወደመው፣ እንደገና ተሠራ። ያኮብሰን የምክር ቤት አባል ሆነ። በ1859 የተቃጠለው የፍሬደሪክስቦርግ ቤተ መንግሥት እንዲታደስ ገንዘቡን አፈሰሰ፣ ውስጡም የአገሪቱ የታሪክ ሙዚየም እንዲሆን አደረገ። ሀብታም ሁሉ ሲያረጅ የሚያደርገው ነገር ነው ሊባል ይችላል። በ1875 ያቋቋመው ነገር ግን ሀብታም ሁሉ የሚያደርገው አይደለም።

በዚያ ዓመት በፋብሪካው ግቢ ላብራቶሪ ከፈተ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1876፣ ላብራቶሪውን የሚያስተዳድር ድርጅት መሠረተ፤ የበላይ ጠባቂዎቹ ነጋዴዎች ሳይሆኑ በዴንማርክ የሳይንስ አካዳሚ የሚመረጡ አምስት ምሁራን እንዲሆኑ ደነገገ። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራ ያጠናውን መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር እያልን የምንጠራው ሰፈር በስሙ የተጠራ ሰው ነው። ፓስተር መጠጥን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን መሆናቸውን አሳይቶ ነበር፤ ያኮብሰንም በጣም ስለሚያደንቀው የፓስተርን ጡት ድረስ የሚያሳይ ሐውልት አሠርቷል። የላብራቶሪው ደንብ ውስጥ ደግሞ አንድ ያልተለመደ አንቀጽ አስገባ። በዚያ የሚገኝ ማንኛውም ጠቃሚ ውጤት በምስጢር መያዝ የለበትም የሚል ነው። በገንዘቡ ያስጠናውን ጎረቤት ተፎካካሪ በነጻ ያነበዋል ማለት ነው።

አንቀጹ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። በ1883 የካርልስበርግ ቢራ ታመመ። መጥፎ ሽታና መራራ ጣዕም አመጣ። ከሙኒክ በባርኔጣ ሣጥን የመጣው፣ 38 ዓመት የኖረው እርሾ ከድቷል። በላብራቶሪው ይሠራ የነበረው ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን ከቀለም ቀቢነት ተነሥቶ በራሱ ጥረት ሳይንቲስት የሆነ ሰው ነው። ሃንሰን የችግሩን ሥር አገኘ። እርሾ የምንለው አንድ ነገር አይደለም፤ የተለያየ ዘር ያላቸው እርሾዎች ድብልቅ ነው፤ መልካሙ ውስጥ የዱር እርሾ ገብቶ ነው ቢራውን ያበላሸው። መፍትሔውም አንዲት የእርሾ ሕዋስ ብቻ ለይቶ፣ ከእሷ ብቻ የሚራባ ንጹሕ ዘር ማፍላት ነው። ያኮብሰን መጀመሪያ ላይ አልተዋጠለትም ነበር። ማስረጃው ሲቀርብ ግን ተቀበለ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፋብሪካው በንጹሕ እርሾ መጥመቅ ጀመረ።

አሁን ያኮብሰን እጅ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አስቡት። በዓለም ላይ ማንም ጠማቂ የሌለው ነገር ነው፤ የማይታመም፣ የማይለዋወጥ እርሾ። ሌላው ቢሆን ቆልፎበት በብልቃጥ ይቸበችበው ነበር። እሱ ግን ዘዴው እንዲታተም አደረገ፤ እርሾውን ለጠየቁት ጠማቂዎች፣ ለውጭ አገሮቹም ጭምር፣ ያለ ክፍያ ሰጠ። በየሰፈራችን የእንጀራ እርሾ አይሸጥም። ያለቀባት ጎረቤት ኩባያ ይዛ ትመጣለች፣ ትወስዳለች፣ ነገ ያቺኛዋ ሲያልቅባት ከዚህችኛዋ ትወስዳለች። ያኮብሰን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጎረቤቱ አውሮፓ መሆኗ ነው። ሴድልማየር በእጁ የሰጠውን እሱም በእጁ ሰጠ።

ወደ ልጁ ልምጣ። ካርል ከ1866 እስከ 1870 በውጭ አገር ፋብሪካዎች ተዘዋውሮ ሙያ ተማረ። ሲመለስ፣ በ1871፣ አባትየው በግቢው አጠገብ ተጨማሪ ጠመቃ ቤት አከራየው። ለልጁ ቤት አከራየ የሚለውን ቃል ሳነብ ቆም ብያለሁ። ሐሳቡ ካርል የእንግሊዝ ዓይነት ቢራ እንዲጠምቅ ነበር፤ ያ አልሸጥ ሲለው ወደ ላገር ዞረ። ጠቡ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አባት ላገር በብርድ ጓዳ ረጅም ጊዜ መቆየት አለበት ይላል። ልጅ ገበያው እየጠየቀ በርሜል ተኝቶ መጠበቅ የለበትም ይላል፤ ቆይታውን ያሳጥራል፣ ብዙ ይሸጣል። ብዙ በመሸጡ ደግሞ ከአባቱ ፋብሪካ ጋር መፎካከር ጀመረ። ለላይኛው አንባቢ ይህ የሣምንታት ክርክር ነው፤ ለያኮብሰን ግን የባርኔጣ ሣጥኑ፣ የውኃው ባልዲ፣ የምሽጉ ጓዳ ሁሉ ትርጉም ያለው በዚያ ትዕግሥት ውስጥ ነው። እኔ በዚህ ነጥብ አባትየውን እረዳዋለሁ። ከዚያ በኋላ ባደረገው ግን አይደለም።

ጠመቃ ቤቱን መልሶ ወሰደበት። ካርል አጠገቡ የራሱን ፋብሪካ ሠራ። በስሙ ተጣሉ፤ ካርልስበርግ የሚለውን ስም ካርል እንዳይጠቀምበት አባቱ ተከራከረ። በስሙ የተጠራውን ስም! በመጨረሻ፣ በ1882፣ የአባት አሮጌው፣ የልጅ አዲሱ ካርልስበርግ ተብለው ተለዩ። በሁለቱ ፋብሪካዎች መካከል ስለሚያልፈው መንገድ ስያሜ ሳይቀር ተጣሉ፤ አንዱ አንድ ስም ጽፎ ሲሰቅል ሌላው የራሱን ይሰቅል ነበር። ከስሞቹ አንዱ የፓስተር ነበር። ለዓመታት ሳይነጋገሩ ኖሩ። የአባትየው ፋብሪካም ውርሱ ለልጁ እንዳይሆን፣ ለሳይንስ ድርጅቱ እንዲሆን ተናዘዘ። ይህን ኑዛዜ የዴንማርክ ሳይንስ ትልቁ ስጦታ አድርጎ ማየት ይቻላል፤ አንድ አባት ልጁን የነቀለበት ወረቀት አድርጎ ማየትም ይቻላል። ሁለቱም እውነት ነው። ለማያውቀው የውጭ አገር ጠማቂ እርሾ የላከ እጅ ነው ይህን የፈረመው። ምናልባት ለሩቅ ሰው መስጠት ይቀላል፤ ሩቅ ሰው አይከራከርም፣ ጓዳ ገብቶ የበርሜሉን ቀን አይቆጥርም።

በ1886 ታረቁ። ሽማግሌ ገብቶ ይሁን ዕድሜ አስገድዶ፣ ብቻ ታረቁ። በተከታዩ ዓመት ያኮብሰንና ላውራ ወደ ሮም ተጓዙ፤ እሱ እዚያ ታመመ፤ ካርልም ደረሰለት። ኤፕሪል 30 ቀን 1887 በ75 ዓመቱ ሮም ውስጥ ሞተ። ብርድን ሲያሳድድ የኖረ ሰው በሞቀ አገር ማረፉ ይገርማል። (በነገራችን ላይ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በማርች 1889፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ መተማ ላይ ወደቁ። የሁለቱን ሰዎች ዘመን አንድ ላይ አስቀምጬ ሳየው ነው ያኮብሰን ያን ያህል ሩቅ እንዳልሆነ የታወቀኝ።) አስከሬኑ ወደ ኮፐንሃገን ተመልሶ ካርል ቫልቢ ውስጥ ባሠራው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ኋላ ካርልም ከአባቱ ጎን በዚያው አረፈ። ካርል ግን ከመሞቱ በፊት፣ በ1902፣ አዲሱን ፋብሪካ አባቱ ላቋቋመው ድርጅት ሰጠ። በ1906 ሁለቱ ፋብሪካዎች አንድ ሆኑ።

ላብራቶሪው ሥራውን ቀጠለ። በምግብ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ለመለካት እስከ ዛሬ የሚያገለግለውን ዘዴ በ1883 ያወጣው የዚሁ ቤት ሠራተኛ ዮሃን ኬልዳል ነው፤ የመተማ ሰሊጥ ፕሮቲኑ ይለካ ቢባል በዚሁ ዘዴ ሊለካ ይችላል። በ1909 ደግሞ ሶረን ሶረንሰን ፒኤች የሚባለውን የአሲድነት መለኪያ ከዚያው አወጣ። የሃንሰን እርሾ ለረጅም ጊዜ በካርልስበርግ ስም ሲጠራ ቆይቶ ዛሬ በሳይንሳዊ ስሙ ከፓስተር ጋር ይያያዛል። ይህ እርሾ ብርዱን ከየት አመጣው የሚለው ጥያቄ ግን ለመቶ ዓመት ያህል አልተመለሰም ነበር። በ2011 ተመራማሪዎች በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በፓታጎንያ ደኖች፣ በዛፍ ላይ በሚበቅል እባጭ ላይ የሚኖር የዱር እርሾ አገኙ። የላገር እርሾ ከተራው የዳቦና የጠላ እርሾ ዘርና ከዚህ ብርድ ወዳድ የዱር ዘመድ የተዳቀለ መሆኑም ተረጋገጠ። ብርድ የመቻል ጠባዩን ያገኘው ከዱሩ ወገን ነው።

በ2013 በካርልስበርግ አሮጌ ጓዳዎች ውስጥ ከ1883 ዓመት የተረፈ የቢራ ጠርሙስ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ከፈቱት። ከ130 ዓመት በኋላ፣ ከታች በዘቀጠው አተላ ውስጥ፣ በሕይወት ያሉ የእርሾ ሕዋሳት ነበሩ። ለይተው አራቡት፤ በድሮው አሠራር ብቅልና ውኃ አዘጋጅተው ጠመቁበት፤ በእንጨት በርሜል አስቀምጠውም በ2016 ኮፐንሃገን ውስጥ ለእንግዶች ቀዱት።